20 ኬሻ ቡና ለ40 ፈላጊ፦ ጥቂት ሎት ለደንበኛ የማከፋፈል አሠራር

ከጎማ ወይም ከጌራ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በቅምሻ ከ100 88 ነጥብ ያገኘ 20 ኬሻ ቡና መጋዘናችሁ ውስጥ አለ እንበል። ፈላጊው 40 ነው። በጅማ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ቡናውን የሚወስደው ቀድሞ የደወለው፣ ከፍ ያለ ዋጋ የጠራው ወይም ሳይቱ ድረስ መጥቶ ቪዲዮ ያነሳው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ተራውን ቡና ሳያቋርጥ የገዛው ደንበኛ ወሬውን ከሰው ይሰማል። ቅር ይለዋል፣ ግን አይናገርም። በቀጣዩ ዓመት ገበያው ሲቀዘቅዝ ስልካችሁን አያነሳም። 20 ኬሻ በጥሩ ዋጋ ሸጣችሁ 160 ኬሻ የሚወስድ ሰው አጣችሁ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ለማጠቢያ ሳይት ባለቤቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጆችና ራሳቸው ለሚልኩ አቅራቢዎች የተጻፈ ነው። አካሄዱ የተወሰደው ከውድ መኪና ሠሪዎች ነው። ጥቂት ዕቃ ለብዙ ፈላጊ በማደል ከእነሱ በላይ የተፈተነ ሻጭ የለም። ከእነሱ የሚወሰደውን እንወስዳለን፣ ለቡና የማይሆነውንም ለይተን እንናገራለን። የመኪኖቹ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መኪና ሠሪዎቹ እንዴት ያድላሉ

ጣሊያን ማራኔሎ ያለው ፌራሪ በ2024 ያስረከበው መኪና 13,752 ነው። ከዚያ ውስጥ ልዩ የሚባሉት መኪኖች ቁጥራቸው አስቀድሞ ይታወጃል። ኤንዞ 399 ተብሎ ታወጀ፣ 400ኛው ለጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተሰጠ። ላፌራሪ 499፣ በ2024 ይፋ የሆነው ኤፍ80 ደግሞ 799 ነው። ገበያው ከሚፈልገው አንድ አሳንሶ መሥራት የቤቱ የቆየ ልማድ ነው፣ በዘጠኝ የሚያልቁት ቁጥሮችም ይህን ይናገራሉ።

እንዲህ ያለውን መኪና ገንዘብ ያለው ሁሉ ገብቶ አይገዛውም። ፋብሪካው መዝገቡን ገልጦ ደንበኛው ስንት መኪና እንደገዛ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደያዘው፣ አትርፎ ቶሎ ሸጦት እንደሆነ አይቶ ይጠራዋል። ፖርሽም በ2016 ባወጣው 911 አር፣ 991 ብቻ በነበረው፣ ቅድሚያ የሰጠው ሌላውን ልዩ መኪናውን፣ 918 ስፓይደርን፣ ለገዙት ነበር። ፎርድ ግን በዚያው ዓመት ለፎርድ ጂቲ በኢንተርኔት ማመልከቻ ከፈተ። ለ500 ቦታ 6,506 ሰው አመለከተ። ማመልከቻው ፎርድ መኪና አለህ ወይ፣ ይህን መኪና ምን ያህል ትነዳዋለህ፣ የብዙ ሰው አስተያየት ላይ ተጽዕኖ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የታመነ ደንበኛን በመዝገብ መርጦ መጥራት ነው፣ ሌላው በሩን ከፍቶ ማመልከቻ መቀበል። ለጅማ ቡና መሠረቱ መዝገቡ ይሁን፣ በሩም ጠባብ ሆኖ ክፍት ይቆይ እንላለን። ምክንያቱ ሥራው ውስጥ ይታያል።

1. ደንቡን በመስከረም ጻፉ

ማለትም እሸቱ ገና አረንጓዴ ሳለ። ነጥቡ ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለአንድ ሰው ተብሎ የተጻፈ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ልዩ ሎት (ለብቻው ተዘጋጅቶ ለብቻው የሚሸጥ የቡና ክምችት) የሚባለው ከስንት የቅምሻ ነጥብ በላይ እንደሆነ ይጻፍ። ስፔሻሊቲ የሚባለው ከ80 ጀምሮ ስለሆነ ለዚህ አሠራር 87ን መነሻ አድርጉ፣ ከዚያ በታች ያለው በተለመደው መንገድ ይሸጥ። የአንድ ደንበኛ ጣሪያ፣ የመጠባበቂያው ልክ፣ ደንበኛ መልስ የሚሰጥበት ቀንና የሚወስኑት ሰዎች በዚያው ገጽ ላይ ይግቡ።

የሚወስኑት ሦስት ይሁኑ፦ ሽያጭ የያዘው፣ ሒሳብ የያዘው፣ የአርሶ አደሮቹ ተወካይ። ቀማሹ ከዚህ ውጪ ይቆይ። ሎቱ ለማን እንደሚሄድ የሚያውቅ ቀማሽ ሳያስበው ነጥቡን ወደዚያ ሰው ምላስ ያዘነብላል። ባለቤቱም ብቻውን አይወስን። ብቻውን ከወሰነ የአጎት ልጅ ይመጣል፣ የሠርግ ሚዜ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ አለቃ ይደውላል። ለእነዚህ ሰዎች «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብሎ መመለስ የሚቻለው ደንቡ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው።

የሽያጩን መንገድም አሁኑኑ አጣሩ። በምርት ገበያ የሚሸጥ ቡና በደረጃው ይሸጣል እንጂ በሳይታችሁ ስም እናንተ ወደመረጣችሁት ሰው አይሄድም። ስለዚህ ሎቱ በቀጥታ ትስስር ከላኪ ጋር፣ በዩኒየን ወይም በራሳችሁ የላኪነት ፈቃድ መውጣት አለበት። አገር ውስጥ ላለ ካፌ የወጪ ደረጃ ቡና መስጠት የራሱ ደንብ ስላለው ፈቃዱን ሳታጣሩ ኬሻ ቃል አትግቡ።

2. ቃል ከመግባታችሁ በፊት እውነተኛውን ኪሎ እወቁ

ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። 8,000 ኪሎ ቀይ እሸት ገባ እንበል። በእጥበት የተዘጋጀ ቡና ንጹሕ ፍሬው የእሸቱ አንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሆነ 1,330 ኪሎ ያህል ይጠበቃል። በወንፊትና በእጅ ለቀማ አንድ አሥረኛ ያህሉ ሲወጣ ወደ 1,200 ኪሎ ይወርዳል። በ60 ኪሎ ሲካፈል 20 ኬሻ ነው።

ስህተቱ የሚሠራው ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። ከነቅርፊቱ የደረቀው ተመዝኖ «25 ኬሻ አለን» ይባላል፣ ቅሸራው ላይ ግን ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። እርጥበትም ይበላል። በ12.5 በመቶ እርጥበት የተመዘነ 1,200 ኪሎ ወደ 11 ሲወርድ 1,180 ገደማ ይሆናል። 20ኛው ኬሻ አልሞላም ማለት ነው፣ ያ ኬሻ ደግሞ ቃል የተገባለት ሰው አለው። ስለዚህ ቡናው ተቀሽሮ፣ ተለቅሞ፣ ተመዝኖ፣ ኬሻው ሳይሰፋ ለማንም ቁጥር አይነገር። የተጠየቀ ሰው «ከጥር አጋማሽ በኋላ እናሳውቃለን» ብሎ ይመልስ።

ለሎቱ ስም ስታወጡ የለቀማውን ቀንና አልጋውን በስሙ ውስጥ አስገቡ፦ «ጎማ፣ ኅዳር 10–18፣ ከአልጋ 4 እስከ 9»። የፖርሽን ነገር እዚህ ላይ ማየት ይበጃል። 911 አር በእጅ ማርሽ የሚነዳ ብርቅ መኪና ተብሎ 991 ብቻ ሲሸጥ ሁለተኛ ገበያ ላይ ዋጋው ብዙ እጥፍ ናረ። በ2017 ፖርሽ በብዙ ነገሩ የሚመስለውን፣ ቁጥር ያልተወሰነለትን 911 ጂቲ3 ቱሪንግ ሲያወጣ የ911 አር ዋጋ ወረደ። ቡና ላይ ይህ የሚሆነው «20 ኬሻ ብቻ» ተብሎ ተሽጦ በጥር የሁለተኛ ዙር ለቀማ በዚያው ስም ሲወጣ ነው። ጀርመን ያለው ቡና ቆዪ ለደንበኛው «ሌላ የለም» ብሎ ሸጧል፣ በማግስቱ ጎረቤቱ ያንኑ ስም በርካሽ ይለጥፋል። የለቀማ ቀን ስሙ ውስጥ ካለ ሁለተኛው ዙር የራሱ ስም ይኖረዋል፣ የመጀመሪያውን ገዢም አያሳፍረውም።

3. መዝገቡን ክፈቱና ነጥብ ስጡ

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይኑር፣ ወረቀትም ኤክሴልም ይሆናል። ከ100 የሚሰጠው ነጥብ ያለፈን ሥራ ብቻ ይቆጥራል።

ሳያቋርጥ ለገዛበት ለእያንዳንዱ ዓመት 6 ነጥብ፣ እስከ 30 ድረስ። አንድ ዓመት ከዘለለ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ጨካኝ የሚሉ አሉ፣ እኛ ግን አንለውጠውም፤ ሳይት የሚያቆመው በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ነው። ለመጠን ደግሞ ባለፈው ዓመት ለገዛው ለየ10 ኬሻ ተራ ቡና 2 ነጥብ፣ እስከ 25። ለክፍያ 20፦ ሁልጊዜ በውሉ ቀን ከከፈለ ሙሉውን፣ አስቀድሞ አሳውቆ አንድ ጊዜ ከዘገየ 14፣ ዝም ብሎ ከዘገየ 5። ለስም 15፦ በፓኬቱ ላይ ሳይቱንና ወረዳውን ከጻፈ 15፣ «ጅማ» ብቻ ካለ 8፣ በድብልቅ ውስጥ ደብቆ ከሸጠ ዜሮ። የቀረው 10 ችግር ሲመጣ ለነበረው ጠባይ ነው። የጥራት ቅሬታ ሲኖረው ፎቶና ናሙና ልኮ ተነጋገረ ወይስ ገንዘቡን ይዞ ጠፋ? ወዳጅ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው የሚባለው እዚህ በቁጥር ይገባል።

የስሙ ነጥብ ለምን 15 ደረሰ ለሚል፦ ዓለም ይህን አካባቢ ለረጅም ዘመን ያወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ያልታጠበ፣ ለድብልቅ በሚሸጥ ደረጃ ነው። ወረዳውንና ሳይቱን ፓኬት ላይ የሚጽፍ ቡና ቆዪ ያንን ስም በየቀኑ ያስተካክላል። ይህ ገንዘብ ነው፣ የሚከፈለውም ለሁላችን ነው።

አንድ ገጽ እንይ። ደንበኛ «ሀ» 4 ዓመት ገዛ፣ 24። ባለፈው ዓመት 160 ኬሻ ወሰደ፣ ጣሪያውን 25 ያገኛል። ክፍያው ሙሉ 20፣ ስሙ ሙሉ 15፣ ጠባዩ 8። ድምሩ 92። በሌላ ገጽ አምና የማይታወቅ ገዢ አለ። በፓውንድ 4 ዶላር አብልጦ እሰጣለሁ ብሏል፣ ሳይቱንም ፓኬት ላይ እጽፋለሁ ብሏል። ነጥቡ ዜሮ ነው፤ «እጽፋለሁ» ገና ስላልተጻፈ አይቆጠርም። ዋጋው ሆን ተብሎ ከነጥቡ ውጪ ሆኗል። ለሎቱ አንድ ዋጋ ይውጣ፣ ሁሉም በዚያ ይግዛ። ዋጋው ነጥብ ውስጥ የገባ ቀን መዝገቡ ጨረታ ይሆናል።

ከመኪናው ዓለም የማንወስደው ነገር አለ። በዚያ ልዩውን መኪና ለማግኘት ሲባል የማይፈልጉትን ሞዴል ገዝቶ ነጥብ የመሰብሰብ ልማድ አለ። የተገዛው መኪና ወዲያው ለገበያ ይወጣል፣ የተራውን ዋጋም ይጥላል። «ልዩውን ከፈለግህ 50 ኬሻ ተራውን ውሰድ» ማለት በቡና ያው ነው። ያለፍላጎቱ የወሰደው አስመጪ 50ውን ኬሻ በኪሳራ ይበትነዋል፣ ያንን ዋጋ ያየ ቋሚ ደንበኛም ከእናንተ ቅናሽ ይጠይቃል። ያለፈውን ግዢ ቁጠሩ፣ የሚመጣውን ግን ቅድመ ሁኔታ አታድርጉ።

4. ናሙናው ከኬሻ በፊት ይሂድ

ሹል የናሙና ቱቦ ይዛችሁ ከ20ዎቹም ኬሻ 300 300 ግራም አውጡና አንድ ላይ ቀላቅሉ፣ 6 ኪሎ ይሆናል። ከላይ ካለው ኬሻ ብቻ ተወስዶ እንደገና በእጅ የተለቀመ ናሙና አትላኩ። ዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ቡናው ሊጫን ሲል የሚላከው ቅድመ ጭነት ናሙና ከዚያ አንሶ ይገኛል፣ ገዢውም ውሉን ይመልሳል። ያኔ ሌሎቹ ደንበኞች ሎታቸውን ከሌላ ቦታ ይዘዋል። ከቅልቅሉ 350 ግራም አሽጋችሁ ቀንና ፊርማ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ክርክር ቢነሳ የሚከፈተው እሱ ነው።

ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ ቅመሱት። ፈካ ያለ ቁሌት፣ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም፣ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ፣ ለአንድ ናሙና 5 ሲኒ። ከአምስቱ አንዱ የተለየ ጣዕም ካመጣ የሆነ ኬሻ ላይ ችግር አለ፣ ኬሻ በኬሻ እስኪለይ ድረስ ማከፋፈሉ ይቁም።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ 300 ግራም ይበቃል። ናሙናው ላይ ስንት ኬሻ እንደሚደርሰው አትጻፉ፤ ቀምሶ «እፈልጋለሁ፣ ይህን ያህል» ይበል። የማይስማማው ቢኖርስ? መኪና ገዢዎች የቀረበላቸውን መኪና እንቢ ካሉ ከመዝገብ እንወጣለን ብለው ይፈራሉ። በቡና ይህ ፍርሃት እንዲገባ አትፍቀዱ። ምላሱ የሱ ነው። ቀምሶ «ለደንበኞቼ አይሆንም» ያለ ሰው ነጥቡ አይቀንስበትም፣ የሐቅ መልስ የሚሰጥ ደንበኛ እንዲያውም ብርቅ ነው።

5. ክፍፍሉ

ከ20ው ኬሻ አንዱ ለናሙና፣ ለማካካሻና ለቅሬታ ይቀመጥ። ሁለት ኬሻ መጠባበቂያ ይያዝ፣ አንድ ኬሻ ለአዲስ ሰው። 16 ቀረ።

ስድስት ነባር ደንበኞች በድምሩ 31 ኬሻ ጠየቁ እንበል። ነጥባቸው ሀ 92፣ ለ 85፣ ሐ 78፣ መ 61፣ ሠ 55፣ ረ 40 ነው። መቁረጫው 50 ስለሆነ ረ ይወጣል። የአምስቱ ድምር 371 ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ በ16 አባዝታችሁ ለ371 አካፍሉ፦ ሀ 3.97፣ ለ 3.67፣ ሐ 3.36፣ መ 2.63፣ ሠ 2.37። ሲጠጋጋ 4፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2 ይመጣል፣ ድምሩ 16። ማጠጋጋቱ 15 ወይም 17 ካመጣ፣ የጎደለው ክፍልፋዩ ከፍ ላለው ይጨመር፣ የተረፈው ክፍልፋዩ ዝቅ ካለው ይነሳ። ለማንም ከጠየቀው በላይ አይሰጥ፣ ከ4 ኬሻ ጣሪያም አይለፍ። አንዱ ግማሹን ከወሰደ በቀጣዩ ዓመት ዋጋውን የሚተምነው እሱ ነው።

«2 ኬሻ ምን ያደርጋል?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ሒሳቡን አሳዩት። 60 ኪሎ ጥሬ ሲቆላ 16 በመቶ ያህል ይቀንስና 50 ኪሎ ይሆናል፣ በ250 ግራም ፓኬት 200 ነው። ሁለት ኬሻ 400 ፓኬት ነው፣ ለአንድ መካከለኛ ቡና ቆዪ የአንድ ወቅት ልዩ ሽያጭ ይሆነዋል።

የአዲሱ ሰው ኬሻ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን አትዝለሏት። መዝገብ ብቻ ከሆነ በአምስት ዓመት ውስጥ ደንበኞቻችሁ አንድ ላይ ያረጃሉ፣ ተተኪ የለም። አዲስ የመጡት ናሙናውን ቀምሰው ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ለማን ይሸጡታል፣ ፓኬቱ ላይ ምን ይጽፋሉ፣ በምን ይጭኑታል። ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ባለ20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ይይዛል፣ ማንም ለ1 ኬሻ ኮንቴይነር አይከራይም። ልዩው ሎት የሚጓዘው በተራው ቡና ጀርባ ላይ ነው። ቋሚ ደንበኛ ቅድሚያ የሚገባው በአንድ በኩል ለዚህ ነው፤ የሱ 160 ኬሻ ባይጫን የማንም 4 ኬሻ አይጫንም። አዲሱ ሰው ከነባሩ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ለመጫን ከተስማማ ወይም የአየር ጭነት ከከፈለ ጥያቄው ተመልሷል።

መጠባበቂያው ቡናው በገዢዎቹ ዘንድ ጸድቆ እስኪጫን ድረስ አይነካም። አንድ ኬሻ መንገድ ላይ ቢቀደድ፣ ቢረጥብ ወይም ናሙናው ቢመለስ ከዚያ ይተካል። የመጠባበቂያው ኬሻ በውስጡ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ይኑረው፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። የጅማ ዝናብ ሲጀምር በባዶ ኬሻ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ቡና እርጥበት ስቦ ቀለሙ ይነጣል፣ የኬሻ ሽታም ይይዛል። ከግንቦት በኋላ 88 የነበረውን 88 ብሎ መሸጥ አይቻልም።

ሁሉም ተጭኖ መጠባበቂያው ከተረፈ፣ አንዱን ኬሻ በግልጽ ጨረታ መሸጥ ጥሩ ነው፣ ገቢው ለምን እንደሚውል በመስከረሙ ደንብ ውስጥ አስቀድሞ ከተጻፈ። ፌራሪ 500ኛውን ላፌራሪ በ2016 ለጣሊያን የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ሲያጫርት 7 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከ599 ውጪ የተሠራው ዳይቶና ኤስፒ3 ደግሞ በ2025 26 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ ለትምህርት ሥራ። ገንዘቡ ወደ ሻጩ ኪስ ስላልገባ ቀድሞ በመደበኛ ዋጋ የገዛው ሰው አልተከፋም፣ የእሱም መኪና በስሙ ከበረ። እናንተም ለቀበሌው ትምህርት ቤት ጣሪያ ወይም ለምንጭ ማጎልበቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ የወጣውን ብርና የተሠራውን ሥራ በፎቶ ለሁሉም ደንበኛ ላኩ።

6. ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች

ቲክቶክ ላይ 300,000 ተከታይ ያለው ሰው ስለ ቡናችሁ ቢናገር ይጠቅማል። ኬሻ ግን አይሰጠውም። የሚገባው 200 ግራም የተቆላ ቡናና ትክክለኛ መረጃ ነው፦ የሳይቱ ስም፣ ወረዳው፣ ከፍታው፣ የዝርያው ስም ወይም ቁጥር። ዝርያው ከመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣ 74110 ወይም 74112 ከሆነ እንዲሁ ይባል። አጠቃሎ «የዱር ቡና» የሚል ቪዲዮ የሚያውቅ ገዢ ፊት ያሳፍራችኋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀኑ ነው። ቪዲዮው በጥር ቢወጣና ቡናው ለንደን የሚደርሰው በሰኔ ቢሆን፣ ሰው ቡና ቆዪውን ይጠይቃል፣ የለም ይባላል፣ በሰኔ ሲደርስ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ በጽሑፍ ተስማሙ፦ ቪዲዮው የሚለቀቀው ቡናው ደርሶ የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች ለሽያጭ ከወጡ በኋላ ነው፣ የሚሸጡትም ቤቶች ስም ይጠቀስ። ክፍያ ከጠየቀ ክፍያው እንዳለ በቪዲዮው ላይ ይናገር። ይህን እምቢ ካለ በምስጋና ሸኙት።

ተከታይ ያለው ሰው ራሱ ቡና ቆዪ ከሆነስ? እንደማንኛውም ደንበኛ ገጽ ይከፈትለት። ተከታዮቹ ነጥብ አያስገኙለትም፣ ፓኬቱ ላይ የጻፈው ስም ግን ያስገኝለታል።

7. ውሉ ላይ የሚገባ አንድ አንቀጽ

ፎርድ ጂቲን ለተመረጡት ሲሸጥ 24 ወር ሳይሞላ አትሸጡትም የሚል ግዴታ አስፈረመ። የነፃ ትግል ስፖርተኛውና ተዋናዩ ጆን ሲና ቶሎ ሲሸጠው ፎርድ በ2017 ከሰሰው፣ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ሄደ። ፖርሽ በ2023 አሜሪካ ውስጥ 911 ኤስ/ቲን የመጀመሪያውን ዓመት በኪራይ ብቻ መስጠት ጀመረ፤ ስሙ ያልተዛወረለትን መኪና ማንም ሊሸጥ አይችልም።

በቡና አትራፊው አስመጪ ነው። 4 ኬሻ ይወስድና ለሌላ አስመጪ በእጥፍ ይሰጣል፣ ሁለተኛው የሳይቱን ስም ያነሳል። ከጅማ ተነስቶ ሐምበርግ ፍርድ ቤት መቆም ለ4 ኬሻ አያዋጣም፣ ስለዚህ አንቀጹ ቀላልና በመዝገባችሁ የሚፈጸም ይሁን፦ ገዢው ሎቱን ለቡና ቆዪዎች ብቻ ይሸጣል፣ ለማን እንደሸጠ ዝርዝሩን ይልካል፣ መጠቀም ካልቻለ በገዛበት ዋጋ እናንተ ለምትጠሩት ሰው ያስተላልፋል። ቅጣቱ የሁለት ዓመት ከልዩ ሎት መውጣት ነው። ለሁሉም እኩል ከተፈጸመ ይሠራል፣ ለአንድ ትልቅ ገዢ ከታለፈ ግን በማግስቱ ሁሉም ያውቀዋል።

የውጭ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዕለቱን ዝቅተኛ የወጪ ዋጋ አጣሩ፣ ከዚያ በታች ውል አይመዘገብም። ቅድመ ክፍያም ቢሆን በባንክ ብቻ ይምጣ። «ቦታ ለማስያዝ» ተብሎ በግለሰብ ስም የሚላክ ገንዘብ አትቀበሉ፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ የከፈለውም ሰው መዝገቡን የገዛ ይመስለዋል።

8. ያልደረሰው ሰው መልስ

ክፍፍሉ በተጠናቀቀ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ለደረሰውም ላልደረሰውም በአንድ ቀን ይነገር። መዘግየቱ ከእንቢታው ይብሳል፤ ሳምንት የጠበቀ ሰው ሌላ ቡና ሳይዝ ይቀራል። ቁጥሩን፣ ምክንያቱንና ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል ንገሩት። አዲስ አበባ ላለ ነባር ላኪ እንዲህ ይጻፋል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የኅዳሩ ሎት 20 ኬሻ ወጥቷል። ዘንድሮ ነጥብዎ 40 ስለሆነ፣ መቁረጫው ደግሞ 50 በመሆኑ አልደረስዎትም። የቀነሰው አምና ሳይገዙ በማለፍዎ ነው። ዘንድሮ ከተራው ቡና ከወሰዱ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ከጌራ የመጣ 86 ነጥብ ያለው 35 ኬሻ አለን፣ ናሙናውን ማክሰኞ ከሾፌሩ ጋር እንልክልዎታለን። አክባሪዎችዎ።»

የሌሎች ደንበኞችን ነጥብ ወይም ስም ግን አትንገሩ። ለተቆጣ ሰው የራሱን ገጽ አሳዩት፣ የሌላውን ሸፍኑ። ስህተት ካገኘ አርሙ፣ የሚገባው ከሆነም ለቅሬታ ከተቀመጠው ኬሻ ይሰጠው።

9. አርሶ አደሩ ጋ የሚመለሰው

ልዩው ሎት የተሠራው እሸቱን ቀይ ቀዩን መርጦ በለቀመ ሰው ነው። የእሸት ደረሰኞቹ በሎቱ ስም ለብቻ ይታሰሩ። ለምሳሌ ከናሙናው ኬሻ ውጪ 19 ኬሻ፣ ማለትም 1,140 ኪሎ፣ ከተራው ቡና በኪሎ 300 ብር አብልጦ ቢሸጥ ጭማሪው 342,000 ብር ነው። ግማሹ ለአርሶ አደሩ ይመለስ ብሎ ደንቡ ካለ 171,000 ብር በ8,000 ኪሎ እሸት ሲካፈል በኪሎ 21 ብር ከ37 ሳንቲም ሁለተኛ ክፍያ ይሆናል። 400 ኪሎ ያስገባ ሰው 8,550 ብር ይቀበላል።

ይህ ክፍያ የውጭ ገንዘቡ በገባ በአንድ ወር ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ከሰኔ ዝናብ በፊት፣ ስምና ኪሎ በተጻፈበት ዝርዝር ሳይቱ በር ላይ ተለጥፎ ይከፈል። ዝርዝሩ ላይ የእሸቱ ደረሰኝ ቁጥርም ይግባ፤ የጠፋ ደረሰኝ ያለው ሰው ክፍያው ሳይዘጋ መጥቶ ማጣራት ይችላል።